ለጋሽ ታምራት የመረጥኩት ክንፍ

ነገሩ የሆነው በሁለት ሺህዎቹ መጀመሪያ፣ እኔ አትላንታ በመጣሁ በአራተኛው ይሁን በአምስተኛው ዓመት ሰመር ላይ ነው። በዓመቱ እኔና ባለቤቴ እስከ ዛሬ አልተስማማንም፤ ወሩ ጁን፣ ቀኑም ቅዳሜ እንደነበር ግን ሁለታችንም አንክድም። ያን ቀን የማልረሳው ሞት አፋፍ ስለደረስኩ ብቻ አይደለም። የማልረሳው ጥፋቴን ሁሉ ያጠፋሁት በአክብሮት ስለሆነ ነው። ሰው በክፋት ቢያጠፋ ይቅርታ ይጠይቃል፤ በአክብሮት ያጠፋ ሰው ምን ብሎ እንደሚጀምር እስካሁን አልገባኝም።

ጋሽ ታምራት ዲቪ ደርሶኝ ስመጣ ኤርፖርት የተቀበሉኝ ሰው ናቸው። ታከር ባለው ቤታቸው ቤዝመንት አምስት ወር አኖሩኝ፣ መንጃ ፈቃድ እስካወጣ ድረስ ሥራ ያመላለሱኝ እሳቸው ናቸው። ያኔ ዕድሜያቸው ስድሳን አልፏል። በወጣትነታቸው ቀይ ባሕር ላይ በመርከብ ሞተር ቤት ሠርተዋል፣ እዚህ ደግሞ ኤርፖርት አጠገብ ካለ ፓርኪንግ መንገደኛ የሚያመላልስ ሻትል ይነዱ ነበር።

በዚያ ዓመት ማርች ላይ ቀኝ ጉልበታቸውን ኦፕራሲዮን ተደረጉ። ሐኪሙ ጉልበታቸው በደንብ ከታጠፈና ፔዳል መርገጥ ከቻሉ በጁላይ መጨረሻ ወደ ሥራ ይመለሱ ብሎ ሊፈርምላቸው ቃል ገብቷል። አለቃቸውም እስከዚያ ቦታቸውን ሊይዝላቸው ተስማምቷል። ከዚያ ካለፈ ግን ሌላ ሾፌር ይገባበታል። ስለዚህ የዚያ ሰመር ወሬያችን ሁሉ ስለዚያ ጉልበት ነበር።

ልጃቸው ማህሌት እዚሁ አድጋ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች ፋርማሲስት ናት። አንድ ቀን ደውላ፣ «ዳዲ ኤክሰርሳይዝ ማድረግ አለበት፣ በት ላይት ነገር ብቻ። ፑሽ እንዳታደርገው፣ ኦኬ?» አለችኝ። ኦኬ አልኳት። እንዲያውም መፍትሔው ጋራዤ ውስጥ ተቀምጧል ብዬ ደስ አለኝ።

እኔ የምሠራው ዱሉዝ ውስጥ የስፖርት ዕቃ የሚያከማች መጋዘን ነው፤ ፎርክሊፍት እነዳለሁ። የተጫረና ከደንበኛ የተመለሰ ዕቃ አንዳንዴ ለሠራተኛ ይሸጣል። በዚያ ዓይነት ሁለት ካያክ ገዝቼ ነበር። ካያክ አንድ ሰው ብቻ የሚይዝ ጠባብ የፕላስቲክ ጀልባ ነው። የእኔዎቹ ደግሞ በእግር የሚሄዱ ናቸው። ተቀምጠህ እግርህን ዘርግተህ ሁለት ፔዳል በየተራ ትገፋለህ፤ ከጀልባዋ ሆድ በታች ያሉ ሁለት የጎማ ክንፎች ግራና ቀኝ ይወዛወዙና ጀልባዋ ወደፊት ትሄዳለች። ለእኔና ለባለቤቴ ብዬ ነበር የገዛኋቸው፤ እሷ ግን ገና ስታያቸው፣ «እኔ በሳፋ ላይ ሆኜ አልሞትም» ብላ ተገላገለች።

ጋሽ ታምራት ግን ወደዷቸው። ጋራዥ ውስጥ ጎንበስ ብለው ፔዳሉን በእጃቸው ገፋ ገፋ እያደረጉ፣ «ይቺን ብገፋ እኮ ሆስፒታል ያን ላስቲክ መሳብ ከሚያሠሩኝ ይሻለኛል» አሉ። እሳቸው ከውሃ ጋር ሲገናኙ ፊታቸው እንደሚፈታ አውቃለሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌኒየር ሐይቅ ልንሄድ ተቀጣጠርን።

አንደኛዋ ጀልባ ከደንበኛ የተመለሰችው ክንፎቿ ተቀደው ነበር። ስለዚህ ክንፍ ልገዛ ከሎረንስቪል ቤቴ ብዙም ወደማይርቅ የጀልባ ዕቃ መደብር ሄድኩ። ሻጩ አፍንጫው በፀሐይ የተላጠ ቀጭን ሽማግሌ ነው። ሁለት ዓይነት ክንፍ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋልኝ። አንዱ አጭርና ለስላሳ፣ ሌላው ረጅምና ግትር ነው።

አጭሩ ለልጆችና እግሩን ለሚያመው ሰው ነው፣ እግር ላይ ይቀላል፣ ጀልባዋ ትዘገያለች እንጂ ቀኑን ሙሉ ብትገፋ አይደክምህም አለኝ። ረጅሙ በአንድ ግፊት ብዙ ውሃ ይገፋል፣ ፈጣን ነው፣ የሚፈልገው ግን ጠንካራ እግር ነው። ቀጥሎም፣ «የሚገፋው ማነው? ዕድሜው ስንት ነው? ጉልበቱስ ደህና ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

እንግዲህ እዚህ ላይ አፌን በቆረጠው። የጋሽ ታምራትን ሕመም ለማላውቀው ሻጭ መዘርዘር ነውር መሰለኝ። «ደህና ነው፣ ጠንካራ ሰው ነው» አልኩት። ከዚያ፣ «ጥሩው የቱ ነው?» አልኩ።

«ለማን?»

«እንዲያው በደፈናው፣ ጥሩው?»

ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ ረጅሙን ገፋልኝ። ከክንፉ ጋር ትንሽ ቁልፍ ሰጠኝ፤ ከከበደው በዚህች የክንፉን ጫፍ ላላ አድርግለት፣ ይቀለዋል አለኝ። ሰውየው ያልነገረኝ ነገር አልነበረም። ቁልፏን የመኪናዬ ኪስ ውስጥ ወረወርኳትና ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ።

አሁን አንዲቱ ጀልባ አጭሩን የድሮ ክንፍ፣ ሌላዋ አዲሱን ረጅሙን ይዛለች። የትኛው ለማን እንደሚገባ አንድም ጊዜ ቆም ብዬ አላሰብኩም። ትልቁና አዲሱ ለትልቅ ሰው ነው፤ ለእሳቸው አጭሩን ሰጥቼ እኔ በረጅሙ ከፊታቸው ስበር ሰው ምን ይለኛል! ሻጩ አጭሩ ለልጆችና እግሩን ለሚያመው ሰው ነው ማለቱን ሳስታውስ ደግሞ ጭራሽ አፈርኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ጀልባዎቹን በተዋስኩት ፒክአፕ ጭነን ሐይቁ ዳር ደረስን። ውሃው ቀንሶ ዳርቻው ቀይ አፈር አውጥቷል። ላይፍ ጃኬታችንን ለበስን። እሳቸው ስልካቸውን ውሃ እንዳይነካባቸው መኪና ውስጥ ተዉት፣ እኔ ደግሞ በእግር ለሚሄድ ጀልባ ምን ይሠራል ብዬ መቅዘፊያዎቹን ጋራዥ ጥያቸው መጥቻለሁ።

ጋሽ ታምራት ሁለቱን ክንፍ ጎን ለጎን አዩ። የመርከብ ሰው ናቸውና ገባቸው።

«ይሄኛው ለአንተ ይሁን። ወጣት ነህ» አሉኝ።

«ምን ሲደረግ! እርስዎ እያሉ!»

«ግዴለም፣ እኔ በትንሿ እሆናለሁ።»

«በፍጹም!»

«ስማኝ እንጂ...»

«በሞቴ ጋሼ!»

ሞቴን ካመጣሁት በኋላ ምን ይበሉ? ረጅም ክንፍ ያላት ጀልባ ላይ ተቀመጡ። እኔ ወግ መስሎኝ ነበር። ሰው አንድ ነገር ሲሰጠው ሦስት ጊዜ እንቢ ይላል፣ ሰጪውም ሦስት ጊዜ ይለምናል፤ እንደዚያ ነው ያደግነው። በልቤ ወጉን በደንብ ተወጣሁ አልኩ።

መጀመሪያ ላይ ደስ ይል ነበር። ጋሽ ታምራት ውሃውን እየሰነጠቁ ጥለውኝ ሄዱ። እኔ በአጭሩ ክንፍ ከኋላ ቱር ቱር እላለሁ። ጀርባቸው ቀጥ ብሎ፣ ኮፍያቸው ወደ ኋላ ተደርጎ ሳይ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ማህሌት ብታይ ብዬ ተመኘሁ።

አንድ ሩብ ሰዓት እንደሄድን ከተነሳንባት ጠባብ ባሕረ ሰላጤ ወጥተው ሐይቁ የሚሰፋበት ቦታ ላይ ቆሙ። እየጠበቁኝ መሰለኝ። ስደርስ ፈገግ ብለዋል፣ ግን ፊታቸው በላብ ተነክሯል። እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነው።

«ትንሽ እንረፍ» አሉ።

ደከመዎት ወይ ብዬ አልጠየቅኳቸውም። ደከመዎት ወይ ተብለው እንደሚያፍሩ አስቤ፣ «እኔም ደክሞኝ ነበር» አልኩ። እዚያ ቁጭ ብለን ስለ አየሩ ስናወራ ነፋስ ተነሳ። ቀስ እያለ ወደ ሰፊው ውሃ ይገፋን ጀመር። እንመለስ ተባባልንና ጋሽ ታምራት ፔዳሉን ገፉ። ፊታቸው ዐመድ መሰለ። እንደገና ሞከሩ። ከዚያ ጥርሳቸውን ነክሰው፣ «አልታጠፍም አለ» አሉኝ። ቀኝ እግራቸው ግማሽ ላይ ቆሟል። የእነዚያ ፔዳሎች ሥራ ደግሞ አንዱ ካልመጣ ሌላው አይሄድም። ክንፉን የምታላላው ቁልፍ ቤት በቀረችው መኪናዬ ውስጥ ናት። ስልኬን አውጥቼ ባየው ኔትወርክ የለውም።

ቀበቶዬን ፈትቼ የጀልባቸውን አፍንጫ ከእኔዋ ኋላ አሰርኩና መጎተት ጀመርኩ። ሃያ ደቂቃ ያህል ባለ በሌለ አቅሜ ገፋሁ። ዳር ላይ አንድ የተሰበረ ጥድ ነበር፤ ዓይኔን እሱ ላይ ተክዬ ነው የምገፋው። ጥዱ አልቀረበም። ጭራሽ ትንሽ የራቀ መሰለኝ። ያ አጭር ክንፍ አንድን ሰው በእረፍት ቀን ለማንሸራሸር የተሠራ ነው፤ ሁለት ጀልባ ከነፋስ ጋር አይጎትትም። ከሩቅ አንድ የሞተር ጀልባ አለፈ። እጃችንን ስናወዛውዝ ወጣቶቹ መልሰው አወዛወዙልን።

ያኔ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ፔዳሉና ክንፉ አንድ ላይ የተገጠሙ ስለሆኑ ከጀልባዋ መሐል ተነቅለው ይወጣሉ። ረጅሙን ክንፍ እኔ ብወስደው ጤነኛ እግሬ ሁለታችንንም ይጎትታል። ከጠዋቱ ጀምሮ መሆን የነበረበት ይኸው ነበር። ለጋሽ ታምራት ነገርኳቸው፣ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። ቀበቶውን ፈትቼ ጀልባዎቹን ጎን ለጎን አስጠጋሁና በግራ እጄ የጀልባቸውን ጠርዝ ጨብጬ ያዝኩ።

እሳቸው መቆለፊያውን አላልተው ውሃ የሚያንጠባጥበውን ብረት ከነክንፉ አወጡና ዘረጉልኝ። ከባድ ነው።

እኔ ከትልቅ ሰው እጅ ዕቃ በአንድ እጄ ተቀብዬ አላውቅም። እናቴ በዚህ ስንት ጊዜ ቆንጥጣኛለች። እጄ ሳያማክረኝ የጀልባቸውን ጠርዝ ለቀቀ። በሁለት እጄ፣ ከመቀመጫዬ ብድግ ብዬ፣ አንገቴን ደፋ አድርጌ ተቀበልኩ።

ጀልባዎቹ ተለያዩ። በመሐላቸው ክፍተቱ ሲሰፋ ታየኝ፤ ብረቱ እጄ ላይ ነው፣ እኔ ግማሽ ቆሜያለሁ። ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ላይፍ ጃኬቱ ወደ ላይ ሲያወጣኝ እጄ ባዶ ነበር። ረጅሙ ክንፍ ሐይቁ ወለል ወርዷል። የእኔ ጀልባ አጭሩን ክንፍ እንደያዘች ባዶዋን ቀልላ በነፋስ ሸሽታለች። እኔ ደግሞ ዋና አልችልም።

ጮኼ ይሁን አይሁን አላውቅም። ጋሽ ታምራት ግን ሲጣሩ ሰማሁ። በሆዳቸው ተደፍተው፣ ያቺን የቆመች እግራቸውን በግድ ከሥራቸው አዙረው፣ ክንዳቸውን ዘረጉልኝ። የጃኬቴን ማንገቻ ያዙና ሳቡኝ። በዚያው ቅጽበት ጉልበታቸው ቀጭ ሲል ሰማሁ። እሳቸው ድምፅ አላሰሙም። ማንገቻዬን ግን አልለቀቁም።

እንግዲህ ሁኔታችን ይህ ነበር። መግፊያም መቅዘፊያም የሌላት አንድ ጀልባ። ላይዋ ላይ መቀመጥ ያቃታቸው አንድ አዛውንት፣ ጎኗ ላይ የተንጠለጠልኩ እኔ። ልውጣ ብል ጀልባዋ ትገለበጣለች። ስልኬ ኪሴ ውስጥ በስብሷል። ነፋሱ ወደፈለገበት ይወስደናል። በሕይወቴ ብዙ ተቸግሬያለሁ፤ ሁልጊዜ ግን የሆነ የምሞክረው ነገር ነበር። ያን ቀን ምንም አልነበረም።

ጥቂት ቆይተው ጋሽ ታምራት፣ «ና አንተ ውጣ፣ እኔ ልውረድ። እኔ ውሃ ለምጃለሁ» አሉ። በእግዜር፣ በማርያም፣ በልጃቸው እያልኩ ለመንኳቸው። እሳቸውም ይለምኑኛል። እንደዚያ ሆነንም ቅደም፣ አይ እርስዎ እንባባላለን።

ፊታቸው ከእኔ ፊት አንድ ክንድ አይርቅም ነበር።

«ጠዋት ያልኩህ እኮ ከልቤ ነበር» አሉኝ።

«ምኑን ጋሼ?»

«ትንሿን ስጠኝ ያልኩህን። ገና ሳየው አውቄዋለሁ፣ ያ ክንፍ ለእኔ ጉልበት አይሆንም።»

«ታዲያ ለምን አጥብቀው አልነገሩኝም?»

«ይሄን ያህል አስበህ ገዝተህልኝ፣ ከበደኝ ልበልህ?» አሉ።

ውሃ ውስጥ ሆኜ አለቀስኩ፤ እንባዬ ከሐይቁ ጋር ስለተቀላቀለ ያዩብኝ አይመስለኝም።

ከአንድ ሰዓት በላይ ተንሳፈፍን። መጨረሻ ላይ ጠፍጣፋ ባለ ጣራ ጀልባ ላይ ቤተሰቧን ይዛ የምትዝናና ሰፊ ባርኔጣ ያደረገች ሴት አየችን። ሞተሯን አጥፍታ ተጠጋች። «ማን ይቅደም?» አለች። እኔ፣ «እሳቸው» አልኩ። እሳቸው፣ «እሱ» አሉ። «እሳቸው ተጎድተዋል» አልኩ። «እሱ ውሃ ውስጥ ነው» አሉ። ሴትዮዋ ሁለታችንንም እያፈራረቀች አይታ፣ «እባካችሁ አንዳችሁ ግቡ!» ብላ ጮኸችብን። ባሏ መልሳችንን አልጠበቀም፤ እኔን በጃኬቴ አንጠልጥሎ ወረወረኝ፣ እሳቸውን አቅፎ አነሳቸው። እግዜር ይስጠው፣ ያን ቀን ሥራ የሠራ ሰው እሱ ብቻ ነው።

ሆስፒታል ማህሌት ሮጣ መጣች። የሆነውን ከመጀመሪያው ነገርኳት። ክንፉ ጋር ስደርስ አስቆመችኝ።

«ዌት። ቢጉን ለዳዲ ሰጠኸው? ላይት ነገር ብዬህ አልነበር?»

«ትንሿን ልስጣቸው? እንዴት አድርጌ?»

«ሊትረሊ ትጠይቀዋለህ! ጉልበትህ ይችላል ወይ ትለዋለህ፣ ኖ ወይ የስ ይልሃል። ዳትስ ኢት!»

ማስረዳት ሞከርኩ። ስለ ወግ፣ ስለ ሦስት ጊዜ መለመን፣ ስለ ሁለት እጅ ነገርኳት። እያወራሁ ሳለ ለራሴም ጆሮ ምክንያቱ እየቀለለ ሄደ። እሷ ግንባሯን ይዛ አዳመጠችኝና ወደ አባቷ ክፍል ገባች።

ሁለተኛ ኦፕራሲዮን ተደረጉ። ጁላይ አለቀ። ሻትሉን ሌላ ሰው ያዘው። ሐኪሙ ከእንግዲህ ረጅም ሰዓት መንዳት አይችሉም ብሎ ጻፈላቸው። ጋሽ ታምራት ዛሬ በከዘራ ነው የሚሄዱት።

አንድ ቀን እንኳ አልተቆጡኝም። ቢሰድቡኝ ደስ ባለኝ። ሰው ስለ እግራቸው ሲጠይቃቸው፣ «ዕድሜ ነው» ይላሉ። እንዲያውም አንድ ሰርግ ቤት፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው፣ «ይሄ ልጅ ባይኖር ያን ቀን ውሃ ይበላኝ ነበር» አሉ። ሰዎች ተነስተው ጨበጡኝ። እውነቱን ልናገር አፌን ስከፍት ዓይናቸውን አየሁ፤ እንዳትናገር ይላል። ዘጋሁት። የተጨበጠ እጄን ጠረጴዛ ሥር ደበቅኩት።

ከሁሉም የሚከብደኝ ግን ቤታቸው ስሄድ ነው። በሩን ከፍቼ ስገባ ጋሽ ታምራት ሶፋው ላይ ናቸው። እንግዳ ሲገባ ተቀምጦ የሚቀበል ሰው አይደሉም። ከዘራውን ፈልገው ይይዛሉ፣ የሶፋውን ክንድ ይደገፋሉ፣ ቀኝ እግራቸውን በእጃቸው ወደ ፊት ያወጣሉ። «ኧረ በሞቴ ይቀመጡ» እላለሁ። አይሰሙኝም። አንድ ጊዜ ሮጬ ትከሻቸውን ይዤ ላስቀምጣቸው ሞክሬ ከልባቸው አዘኑብኝ። ሌላ ጊዜ ከመኪናዬ ደውዬ አልገባም፣ ለሰላምታ ብቻ ነው አልኳቸው፤ በከዘራቸው በረንዳ ድረስ መጡ። ብቀርም አይሆንም፣ ብሄድም ይነሣሉ።

ስለዚህ አሁን በሩ ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። ደቂቃ ይፈጃል። ፊታቸው ሲጨማደድ አያለሁ፣ ዓይኔን ማንሳት ደግሞ አልችልም። ቀጥ ብለው ከቆሙ በኋላ ትንፋሻቸውን ሰብስበው፣ «ኖር» ይሉኛል። «በእግዜር» እላለሁና ቶሎ ብዬ ያገኘሁት ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፣ እሳቸውም እንዲቀመጡ።